ከጭጋጉ በታች ያለችው ከተማ

ልጅ እያለሁ አይቻት የማላውቃትን የአንዲት ከተማ መንገዶች በቃሌ እወጣቸው ነበር። ከባቡር ጣቢያው ስትወጡ በስተቀኝ የሰዓት ሠሪው ሱቅ አለ፤ ከሱቁ አለፍ ብሎ ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ የብረቱ ድልድይ፤ ድልድዩን ከተሻገራችሁ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ። ከተማዋ ያለችው አሜሪካ ነው፣ በሁለት ተራራ መካከል ሸለቆ ውስጥ። እኔ ደግሞ መካነ ሰላም ተወልጄ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ከከላላ ገበያ አልፌ አላውቅም። ደሴን እንኳ የማውቃት ደርሰው ከመጡ ሰዎች ወሬ ነበር። የእኔ ዘመን ልጆች ይገባችኋል፤ ያኔ አገር የምናየው በሰው አፍ ነው።

ከተማዋን ያመጣልን ጋሼ ቶም ነው። ስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምረን፣ ቁመቱ ከበሩ የሚበልጥ፣ አፍንጫውን ፀሐይ የላጠችው አሜሪካዊ ነበር። ከደሴ ይመጣል የተባለው መጽሐፍ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ሳይመጣ ቀረ። ቢጨንቀው የተወለደባትን ከተማ መማሪያ አደረጋት። ወረቀት ከወረቀት አጣብቆ ወንዟን በሰማያዊ፣ ቤቶቿን በቀይ ሣለና ግድግዳው ላይ ሰቀላት። አርብ አርብ አንድ መንገድ እንማራለን። ዝናብ የመታው ጋቢ፣ የጠመኔ ብናኝና በመስኮት የሚገባው የባሕር ዛፍ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ሲመጣ አብራ የምትመጣው ያቺው ከተማ ናት። ስሟ ረጅም ነበር፤ አፋችን አልይዝ ሲለው «ሸለቆዋ» እያልን ቀረን።

ሸለቆዋ የተቆረቆረችው የጋሪ እግር ስለተሰበረ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በበሬ ጋሪ ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙ ወንዙ ዳር ጋሪያቸው ይሰበራል። እስኪጠግኑት ክረምቱ ገባባቸው፤ ክረምቱ እስኪወጣ የውሃ ወፍጮ ሠሩ፤ ወፍጮው ሲያበላቸው መንገዱን ረሱት። ይህን ማታ ለአባዬ ብነግረው በጣም ነበር የተቆጣው።

«ከተማ እንዲህ አይቆረቆርም» አለ። «ወይ ታቦት ይገባል፣ ወይ እንደ ወረኢሉ ጦር ይሰፍራል። ደግሞስ ሰው እንዴት ሸለቆ ውስጥ ይከትማል? ወባው አይፈጃቸውም?»

አባዬ የደጋ ሰው ነው። ለእሱ ወደ ላይ የወጣ ኖረ፣ ወደ ታች የወረደ ጠፋ፤ ቆላ ንዳድና ሽፍታ እንጂ ከተማ አያበቅልም። ያም ሆኖ ወሬዋን ይወዳት ነበር። አርብ ማታ እግሩን ሳስታጥበው «እሺ፣ ዛሬስ ምን ሆኑ?» ይለኛል። አንድ ቀን ጥያቄ አስይዞ ላከኝ፤ ወንድማማቾቹ ሳይመጡ በፊት ርስቱ የማን ነበር? ጋሼ ቶም ይህን ስጠይቀው ጠመኔውን አስቀመጠ። ሌሎች ሰዎች እንደነበሩበት፣ እንደተባረሩ፣ የወንዙ ስም ብቻ የእነሱ ሆኖ እንደቀረ ነገረን። አባዬ ሲሰማ «በለው! ለካ እዚያም አለ» አለና ያን ቀን ሌላ አልጠየቀም።

ሁለቱ ወንድማማቾች በኋላ ተጣሉ። በምን እንደሆነ እነሱም ሳይረሱት አልቀረም። አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ አንዱ ከወንዙ ወዲያ የየራሱን ቤተ ክርስቲያን ሠራ። የአንዱ ደወል ሲደወል የሌላው ሆን ብሎ ይዘገያል፤ ሁለቱ ዳርቻዎች በሰዓት ሳይስማሙ መቶ ዓመት ኖሩ። ድልድዩ ቀለም ይቀባ ሲባል ወዲህኞቹ አረንጓዴ፣ ወዲያኞቹ ቀይ ካልሆነ አሉ፤ ግማሽ ግማሽ ተቀባ። የከተማዋ ሰው እንዲህ ነው፤ ዝምተኛ፣ ግትር፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ በአገጩ ብቻ ሰላም የሚል፣ ለበጋ ለበጋ ቤቱን የሚቀባ። ግን አንድ ዓመት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን መንደር ጠራርጎ ሲወስደው ወዲያኞቹ ወዲህኞቹን በየቤታቸው አስገቡ። ውሃው ሲጎድል ሁሉም ተመልሶ እዚያው ቦታ ላይ ቤቱን ሠራ። አባዬ «ምነው ወደ አምባ ቢወጡ?» አለ፤ እማዬ ግን «ቤታቸው ነዋ፤ ሰው ከቤቱ የት ይሄዳል?» ብላ መለሰችለት።

በኋላ ሸለቆዋ የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አገኘች፤ ባቡር መጣላት፤ የጋሼ ቶም አባትም እዚያው ፋብሪካ እየሠራ ወልዶ አሳደገ። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ። ባቡሩ ሳይቆም ማለፍ ጀመረ። ወጣቱ ሁሉ ተበተነ። ጋሼ ቶም ይህን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ ስላለ እኛ ትንንሾቹ የታመመ ዘመድ ያለው መስሎን «እግዜር ይማርልዎ» አልነው። እንዲህ እያለች ነው ሸለቆዋ የእኔ የሆነችው። ከብት ስመልስ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ጭቃ ስረግጥ የምራመደው በእሷ ድልድይ ላይ ነበር።

ያ ዘመን የወሎ ሰው የተበተነበት ዘመን ነው። እኛ ወዳለንበት ወደ ምዕራቡ ክፉ ቀን በደንብ ባይዘልቅም፣ በምሥራቅ ከቆቦ ወዲህ ያለው ሰው ዝናብ ነስቶት ከብቱን ጨርሶ በየመንገዱ ወጣ። በሰኔ መግቢያ ወይዘሮ ሐዋ የሚባሉ ሴት ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጃቸውን ዘይነባን ይዘው ደጃችን ደረሱ። በደላንታ ዘልቀው፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው፣ በአምባ መቅደላ ግርጌ አድርገው በእግራቸው ነው የመጡት። እማዬ አስገባቻቸው። ከሙስሊም ጎረቤታችን ድስትና ሳህን ተውሳ መጣች፣ እንግዳዋ በምግቡ እንዳይጠራጠሩ። ለዘይነባ አጥሚት በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በየመሃሉ እያሳረፈች ሰጠቻት። እኔ ጨምሪላት ብዬ ሳለቅስ «የከረመ ረሃብ ድንገት ሲጠግብ ይገላል፤ ቀስ ነው» ብላ ከጓዳ አስወጣችኝ።

ዘይነባ ስትድን እንኳ አትስቅም፣ አታለቅስም። አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ አባቷ መቼ እንደሚመጣ። ወይዘሮ ሐዋ «የቀረንን በሬ ይዞ ሳር ፍለጋ ወደ ቆላ ወርዷል፤ ሲደልብለት ይመጣል» ይሏታል። ልጅቷም «እሺ» ትላለች። ነገ ያንኑ ትጠይቃለች።

እንግዲህ እኔ ያለኝ ሀብት ከተማዬ ነበረች፤ ለዘይነባ ሰጠኋት። ከአጥሩ ሥር ተቀምጠን ጭቃው ላይ በእንጨት እየሣልኩ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ወፍጮውን አሳየኋት። መጀመሪያ እንደ ጋሼ ቶም ነበር የምነግራት። ዓይኗ ሲበራ ሳይ ግን መጨመር ጀመርኩ። «ጤፍም ይፈጫል?» ስትለኝ «እንዴታ!» አልኩ። «ለእንግዳም ይሰጣሉ?» ስትለኝ «በር ላይ ዳቦ ይዘው ነው የሚቀበሉ» አልኩ። የጎርፉን ታሪክ ደጋግማ ታስነግረኝ ነበር፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ተመልሶ የገባበትን።

አንድ ማለዳ ከመንደራችን ጫፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። በክረምት ጠዋት ታችኛው ሸለቆ በጭጋግ ይሞላል፤ ነጭ፣ ዝም ያለ፣ ማዶውን ተራራ ወገቡ ድረስ የዋጠ። ዘይነባ ከተማዋ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ባሕር ማዶ ናት ብላት ምን ነበረበት? ግን ጭጋጉ እንዲያ አምሮ ተኝቶ ሳለ አፌ እሺ አላለኝም። ጣቴን ወደ ታች ቀስሬ «ያቻት፣ ከጭጋጉ በታች» አልኳት።

«ቆላ ነዋ» አለች።

«አዎ፣ ቆላ።»

«አባዬ እዚያ ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት እኔም ሳላምነው አልቀረሁም።

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸው በራዲዮ ተሰምቶ ነበርና ሕዝቡ ሁሉ ጠዋት አደባባይ ተጠራ። እማዬና ወይዘሮ ሐዋ ወንዝ ወርደው ነበር፤ እኔ ዘይነባን እንድጠብቅ ተነግሮኛል። ጩኸቱን ስሰማ ግን አላስቻለኝም፤ «እዚሁ ሁኚ፣ መጣሁ» ብያት ሮጥኩ። አንዱ እልል ይላል፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል፤ አባዬ መሃል ላይ ጃንጥላውን ተደግፎ ለየትኛው እንደሚሆን ቸግሮት ቆሟል። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው።

ወዲያው ነበር የገባኝ። ገደሉ አፋፍ ሄጄ አየሁ፤ ጭጋጉ እንደሞላ ነው። መናገር ሲገባኝ ግን አልተናገርኩም። ፍለጋው ተጀመረ፤ አባዬ በከላላ መንገድ፣ እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወይዘሮ ሐዋ ወደ መስጊዱ፣ ሌላው በየምንጩና በየባሕር ዛፉ። ንጉሡ ለጊዜው ተረሱ። እኔ አብሬ «ዘይነባ!» እያልኩ በማትገኝበት ቦታ ሁሉ እፈልጋለሁ። ቆላው ውስጥ ገደል አለ፣ ጅብ አለ፤ ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ። ብናገር ደግሞ ያስገባናቸውን እንግዶች በውሸቴ እንዳጠፋሁ አገር ይሰማል። እንዲህ ሆኜ ቀኑ ጋመ። ወይዘሮ ሐዋ ድምፃቸው ተዘግቶ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ሳይ ግን ሮጥኩ። የሮጥኩት ወደ አባዬ አይደለም፣ ወደ ጋሼ ቶም ነው። እሱም ጫማው ጭቃ ለብሶ ይፈልግ ነበር።

«ወደ እርስዎ ከተማ ነው የሄደችው» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ጭጋጉን፣ ዳቦውን፣ አባቷን። ፊቱ ነጣ። ይቆጣኛል ስል እጄን ያዘና «መንገዱን አሳዪኝ» አለኝ። አባዬና ወይዘሮ ሐዋ ተከተሉን። ቁልቁለቱን አንድ ሰዓት ያህል እንደወረድን፣ ተዳፋቱ ላይ እንደ እርከን ካለች ትንሽ ሜዳ ላይ፣ የሸህ እንድሪስ ቁርአን ቤት ትገኛለች። ተማሪዎቹ ደረሶች የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ሉሃቸውን፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ቁርአን ይቀራሉ። ከመካከላቸው ዘይነባ የባቄላ እሸት በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሐዋ እዚያው መሬት ላይ ወደቁ።

ሸህ እንድሪስ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ለእኛ ለክርስቲያን ልጆችም ስንታመም ዱአ የሚያደርጉ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ ብቻዋን ስትወርድ ደረሶቹ አግኝተዋት ነው። የምትሄድበትን ለሸሁ ብትነግራቸው አልሳቁባትም፣ አልተቆጧትም። «በጭጋግ አይኬድም ልጄ፤ እስኪነሳ ተቀመጪና አብረን እናያለን» ብለዋት ነበር። ጭጋጉ ተነሳ። ታች ያለው ገደል፣ ቁጥቋጦና ቀጭን ወንዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃል እንዳልተነፈሰች ነገሩን።

ዘይነባ ጋሼ ቶምን ስታይ ተነሳች። «ጋሼ፣ አባዬ እርስዎ ከተማ አለ?» አለችው።

እሱ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ አለ በላት እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። ተንበርክኮ በዚያ ሰዋስው በማያውቅ አማርኛው «የእኔ ከተማ እዚህ የለም። ሩቅ ነው፣ ባሕር ማዶ። አባትሽን አላየሁም» አላት።

ዘይነባ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ታዲያ የት ነው?»

ወይዘሮ ሐዋ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ሸህ እንድሪስ ዝምታውን ሰሙት። አባዬም ሰማው፤ ባርኔጣውን ሲያወልቅ አየሁ። ሸሁ ዘይነባን ራሷን ዳበስ አድርገው ለእናቷ «አብሽሪ። ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ጠዋት እኔ እመጣለሁ» አሏቸው።

የእኛ አገር ልጅ፣ ሽማግሌ «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መርዶ በሜዳ አይነገርም፣ በባዶ ሆድ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ዘይነባም ያወቀች ይመስለኛል፤ ሽቅብ ስንወጣ አባዬ አዝሏት ነበር፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

አባቷ የሞተው በሽሎ ዳር ነበር። ልጅቷ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ቀድማ ሄዳ ስለነበር አላየችም፤ የቀበሩት አላፊ አግዳሚ ናቸው። ወይዘሮ ሐዋ ያን ሁሉ ወር ባላቸውን አላለቀሱም። ለእማዬ እንኳ አልነገሩም ነበር። «በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ እሱን የሚያውቅ በሌለበት ምን ብዬ ለቅሶ ልቀመጥ?» አሏት በኋላ። ዘመድ ከሌለ መርዶ ነጋሪ የለም፤ ነጋሪ ከሌለ ደግሞ ሟቹ አልሞተም። እኔ ብቻ ነኝ ውሸታሟ ብዬ ስሳቀቅ እሳቸውም ከእኔ በፊት ልጃቸውን ቆላ ቆላውን ሲያሳዩ ከርመዋል።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ሸህ እንድሪስ፣ ጎረቤታችን መሪጌታና ጋሼ ቶም መጡ፤ አባዬም ከእነሱ ጋር ተቀመጠ። እማዬ ዘይነባን አጥሚቷን አጠጥታት ነበር። ነገሯት። ደጃችን ከደረሰች ጀምሮ አልቅሳ የማታውቅ ልጅ፣ ያን ጠዋት እናቷ እቅፍ ውስጥ ገብታ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ እናቷም አለቀሱ። ድምፁን የሰማ ሁሉ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ የመካነ ሰላም ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ መልኩን አይቶት ለማያውቀው ለአንድ የቆቦ ገበሬ ተቀመጠ። ሙሾ አውራጇ ወይዘሮ ሐዋን ጠጋ ብላ «ምን ይወድ ነበር?» ብላ ጠየቀች። በሬዎቹን በፉጨት እንጂ በጅራፍ ነድቷቸው እንደማያውቅ ነገሯት። እሱን ይዛ ስታወርደው ሸህ እንድሪስ ሙሾ አይወዱም ነበርና አንገታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ጋሼ ቶም ጋቢውን ገልብጦ ለብሶ ከወንዶቹ ጋር መደብ ላይ ሦስቱንም ቀን ዋለ። በመጨረሻው ቀን ለእኔ ብቻ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገረኝ። ያ ጎርፍ ብዙ ሰው ገድሎ ነበር አለኝ፤ ክፍል ውስጥ ያን አልነገረንም። አያቱ ሁለት ልጆች ሞተውባት፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ለብቻው ነው ያዘነው፤ በዚያች ከተማ እንደዚያ ነው ወጉ። «እንዲህ አብሮ መቀመጥ እንዳለ ማንም አልነገራቸውም» አለኝ። ስለ ከተማዋ የነገረኝ የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። ተማሪና አስተማሪ ለዘመቻ ሲወጣ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ፤ እሱም ወደ አገሩ ሄደ። ካርታዋን ዘማቾች አውርደው ጀርባዋ ላይ «መሬት ላራሹ» ጻፉባትና መልሰው ሰቀሏት፤ ከተማዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀረች። ወይዘሮ ሐዋና ዘይነባም አዝመራው ሲሰበሰብ አባዬ ዘር ሸክፎላቸው ወደ አገራቸው ገቡ።

አሁን መካነ ሰላም ሌላ ናት። ፎቁ፣ ባጃጁ፣ አስፋልቱ፤ እኔም አስተምሬ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ የዚያችን ከተማ ስም ስልኳ ላይ ጽፋ ፎቶዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ቆንጆ ናት። ግን ያችን ከተማ ሳይ ልጅነቴን የማገኛት መስሎኝ ነበር፤ አላገኘኋትም። ሞትም ዛሬ በስልክ ነው የሚሰማ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ወረፋ ላይ፣ ብቻችንን፣ ከፎቶና ከሻማ ምስል ጋር። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ጽፈን ወደ ሌላው እናልፋለን። ማንም ነገ ጠዋት እመጣለሁ አይልም።

አምና ከወልድያ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ስልኬን ከአገሬ ልጅ አግኝታ ነው። «ትርንጎ፣ ዘይነባ ነኝ» ስትለኝ ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሳት ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። «አፉ በይኝ» አልኳት። «ለዚያ ውሸት፣ አፉ በይኝ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ልጅ ሆና ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ «ወላሂ አንቺ ባትዋሺኝ ኖሮ እውነቱን የሚነግረኝ አልነበረም። ይኸው ዛሬም ቆላ ቆላውን እያየሁ እጠብቀው ነበር» አለችኝ።